ቁጥር ለሸመደደ ልጅ የባቄላና የአተር ለቀማ

የአራት ወይም የአምስት ዓመት ልጅ እስከ 20 ሳይደናቀፍ ሲቆጥር ብንሰማውም፣ ፊቱ የተቀመጡትን ሰባት ፍሬዎች ቁጠር ሲባል አንዱን ሁለቴ ይጠራል፣ ሌላውን ይዘላል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ቃሉን ከፍሬው ጋር ገና አላገናኘውም።

በደብረ ብርሃንና በሌሎችም የሰሜን ሸዋ ደጋማ አካባቢዎች ባቄላና አተር ከቤት አይጠፋምና፣ እህል ስትለቅሙ ለልጁም ከሁለቱ አንድ እፍኝ ቀላቅላችሁ በትንሽ ሰፌድ ስጡት። መጀመሪያ ይለያቸው፤ «ይህ ባቄላ መሆኑን በምን አወቅህ?» ብትሉት «ትልቅና ጠፍጣፋ ነው» ለማለት ቃላት ይፈልጋል። ቀጥሎ ባቄላውን በሁለት ጣቱ እያነሳ፣ አንድ ቁጥር ሲጠራ አንድ ፍሬ ብቻ ስኒ ውስጥ ይጨምር። ሲጨርስ «ስንት ሆነ?» በሉት። እንደገና ከአንድ ቢጀምር አትቆጡት፤ የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑን የሚረዳው ቀስ በቀስ ነው።

ዘዴው የሚሠራው ፍሬው ከሰፌድ ወደ ስኒ ስለሚሻገርና የተቆጠረው ካልተቆጠረው በዓይን ስለሚለይ ነው። ፍሬ የሚያነሱት ጣቶችም እርሳስ ለመያዝ ይለማመዳሉ።

ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ፣ ወይም ሕፃን ታናሽ አጠገቡ እየዳኸ ከሆነ፣ ይህን ፈጽሞ አታድርጉ፤ ፍሬው ጉሮሮ ሊያንቅ ይችላል፣ አፍንጫ ውስጥ ከገባም እርጥበት ስቦ ያብጣል። ለትልቁም ቢሆን ከአጠገቡ አትነሱ።