መስቀለኛ ቃላት ሲያስቸግራችሁ

የድሬዳዋ ሙቀት ሲበረታ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ የእንግሊዝኛ መስቀለኛ ቃላት የምትሞሉ ከሆነ፣ ፍንጩን እንዳለ ጉግል ላይ አትጻፉት፤ መልሱን ዘርግፎ ጨዋታውን ይገድለዋል። ዋንሉክ (OneLook) የተባለው የመዝገበ ቃላት መፈለጊያ ይሻላል። ያገኛችሁትን ፊደል በቦታው ጻፉ፤ ለየባዶ ሳጥኑ የጥያቄ ምልክት አስገቡ። «በግንብ የታጠረች የኢትዮጵያ ከተማ፣ 5 ፊደል» ቢልና ሁለተኛው ኤ (A)፣ የመጨረሻው አር (R) ቢሆን፣ የጥያቄ ምልክት፣ ኤ፣ ሁለት የጥያቄ ምልክት፣ አር ማለት ነው። ዝርዝሩ ከረዘመ ሁለት ነጥብ (:) አድርጋችሁ «ከተማ»ን በእንግሊዝኛ አስከትሉ፤ ያጥራል። ሐረርን ከዝርዝሩ መልቀም የእናንተ ፋንታ ነው፤ ደግሞ ጎረቤታችሁን ካላወቃችሁ ያሳፍራል!

ለአማርኛው ጉግል ይበቃል፤ ብቻ ሀ፣ ሐ እና ኀን እየቀያየራችሁ ፈልጉ። አዘጋጁ የትኛውን እንደመረጠ የሚያሳብቀው ተሻጋሪው ቃል ነው።