ስትራክት ላይ ትልቁን ፊልድ አስቀድሙ

እንደ ቱሉ ዲምቱ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ውስጥ ያለውን ውሃ የሚለካ ዕቃ በኢኤስፒ32 (ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ ቺፕ) ለምትሠሩ፣ ይቺን ያዙልኝ። ስትራክት ማለት በሲ ቋንቋ የተለያዩ መረጃዎችን አንድ ላይ የሚይዝ ጥቅል ነው፤ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ መረጃ ፊልድ ይባላል።

የሲ ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ፊልዶችን በጻፋችሁት ቅደም ተከተል ነው የሚያስቀምጠው። አይቀያይርም፤ ባለ 4 ባይቱ ፊልድ በ4 በሚካፈል አድራሻ ላይ እንዲጀምር መሀልና መጨረሻ ላይ ባዶ ባይት ይሞላል። ባለ 1 ባይት የሮቶ ቁጥር፣ ባለ 4 ባይት ሰዓት፣ ባለ 1 ባይት የውሃ መጠን ብላችሁ ከደረደራችሁ 12 ባይት ይወስዳል። ሰዓቱን ከላይ አድርጉት፣ 8 ይሆናል። ቀን ከሌት ለሚመዘግብ ዕቃ ይሄ ትልቅ ነገር ነው!

"ፓክድ" የሚለውን (ባዶ ባይት እንዳይሞላ ኮምፓይለሩን የሚያዘውን ቃል) ግን ዝም ብላችሁ አትለጥፉ። ባይት ይቆጥባል፣ ግን አንዳንድ ፕሮሰሰር ላይ ንባቡን ያዘገየዋል፤ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ ፕሮግራሙን ሊጥለው ይችላል።

አደራደሩን ከቀየራችሁ በኋላ የስትራክቱን መጠን በባይት በሚነግራችሁ በሳይዝኦፍ አረጋግጡ። ፍላሽ ላይ (መብራት ሲጠፋ በማይጠፋው ማስታወሻ ላይ) የተቀመጠ የድሮ መዝገብ ካለ በአዲሱ አደራደር በትክክል አይነበብም፤ አስቀድማችሁ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡት።