ሆላንድ ውስጥ የቤት ኪራያችሁ ከሕጉ በላይ መሆኑን እንዴት ታረጋግጣላችሁ?

ሆላንድ ውስጥ ቤት ተከራይታችሁ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። የኪራዩን ልክ አከራዩ እንዳሻው አይቆርጠውም። ቤቱ ራሱ ነጥብ አለው። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ፣ እስከ 143 ነጥብ ያለው ቤት ዝቅተኛ፣ ከ144 እስከ 186 ያለው መካከለኛ ይባላል። ሁለቱም የኪራይ ጣሪያ አላቸው። በ2025 ጣሪያው ለ143 ነጥብ 900.07 ዩሮ፣ ለ186 ነጥብ ደግሞ 1,184.82 ዩሮ ነበር። በየዓመቱ ይከለሳል። ከ187 ነጥብ ጀምሮ ዋጋው በስምምነት ነው።

እንግዲህ ከአከራይ ጋር ከመጨቃጨቅ በፊት ነጥቡን ቁጠሩ።

መጀመሪያ ውሉን አውጡ። የተጀመረበትን ቀን እዩ። ከዚያ ደቾቹ "ካለ ሁር" የሚሉትን ፈልጉ። ጋዝ፣ መብራትና ሌላ አገልግሎት ያልተደመረበት፣ የቤቱ ብቻ ኪራይ ማለት ነው። ጣሪያው የሚነጻጸረው ከዚህ ጋር ነው እንጂ በየወሩ ከባንካችሁ ከሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ጋር አይደለም። ውሉ ላይ አንድ ድምር ብቻ ተጽፎ ከሆነ፣ ማለትም ኪራዩ "ኦል ኢን" ከሆነ፣ አትደንግጡ። ለያይልኝ ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። አከራዩ እምቢ ካለ "ሁርኮሚሲ" የተባለው የኪራይ ክርክር የሚዳኝ ተቋም ከድምሩ 55 በመቶውን የቤት ኪራይ፣ 25 በመቶውን የአገልግሎት ቅድመ ክፍያ አድርጎ ሊወስን ይችላል። 1,000 ዩሮ የሚከፍል ሰው 550 እና 250 ይሆንለታል። በወር 200 ዩሮ እኮ ነው!

ቀጥሎ ሜትር ያዙ። የሳሎንና የመኝታ ቤት እያንዳንዱ ካሬ 1 ነጥብ ነው፤ እንደ ዕቃ ቤት ያለው 0.75። በተለይ ከላይ፣ ከቤቱ ጣሪያ ስር ባለ ክፍል የምትኖሩ ተጠንቅቃችሁ ለኩ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር እንዲህ ያለ ቤት ለክተናል። ሲያዩት ሰፊ ነው፤ ግን ጣሪያው እያዘቀዘቀ ይወርዳል። አልጋው በተጠጋበት ጥግ ሜትሩን ስናቆመው ከፍታው 1 ሜትር ከ20 ሆኖ ተገኘ። ከ1 ሜትር ከ50 በታች የሆነ ቦታ ደግሞ አይቆጠርም። ማስታወቂያው ላይ ግን ያ ጥግ ሳይቀር ተደምሯል። ኩሽና ውስጥ ዕቃ ማጠቢያው ያለበትን ጠረጴዛም ለኩ። ከ1 ሜትር እስከ 2 ሜትር ያለው 4 ነጥብ ያመጣል፣ 2 ሜትር ከሞላ 7። አምስት ሳንቲ ሜትር ስትጎድል ሦስት ነጥብ ይሄዳል።

የቀረውን ከኢንተርኔት ታገኙታላችሁ። ኸሜንተው፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ለቤቱ የሰጠው የዋጋ ግምት፣ "ዎዝ" የሚባለው፣ አድራሻውን ብቻ በማስገባት በነጻ ይታያል። ቤቱ ኃይል ምን ያህል እንደሚቆጥብ የሚያሳየው የኢነርጂ ደረጃም እንደዚያው። ደረጃው ኢ፣ ኤፍ ወይም ጂ ከሆነ ነጥብ ይቀነሳል። ብርድ የሚያስገባ አሮጌ ቤት ውስጥ ላላችሁ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሁሉንም የሁርኮሚሲ ድረ ገጽ ላይ ባለው የኪራይ ማስያ አስገቡ። ኩሽናና መታጠቢያ ተጋርታችሁ ክፍል ብቻ የያዛችሁ፣ ስሌታችሁ ሌላ ስለሆነ የክፍሉን ማስያ ምረጡ።

ውጤቱ ከምትከፍሉት ካነሰ ስሌቱን አያይዛችሁ ለአከራዩ ጻፉለት። ስልክ አይበቃም፣ ማስረጃ ያስፈልጋል። ውሳኔ እስኪመጣ ድረስ በራሳችሁ ኪራይ እንዳትቀንሱ፤ ውዝፍ ዕዳ ሆኖ ይመጣባችኋል። አከራዩ ካልተስማማ ወደ ሁርኮሚሲ ሂዱ። ክፍያው 25 ዩሮ ነው፣ ከረታችሁ ይመለሳል። ውል ከጀመራችሁ ስድስት ወር ሳይሞላ ብትሄዱ ይሻላል። የቆየ ውል ያላችሁም አትቅሩ፤ ቤቱ ከ143 ነጥብ የማያልፍ ከሆነ ጣሪያው ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ እናንተንም ይመለከታል።

"ከቤት ያስወጣኛል" ብሎ ዝም የሚለው ሰው ያሳዝነኛል። አከራይ በቁጣ ተነስቶ ማስወጣት አይችልም፤ ዳኛ ያስፈልገዋል። ማስፈራራት ከመጣ ለኸሜንተው ማመልከት ይቻላል።

ቤት የምታከራዩ ደግሞ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ወዲህ ለምትፈርሙት አዲስ ውል የነጥቡን ስሌት ለተከራዩ መስጠት ግዴታችሁ ነው። ኸሜንተው ሊቀጣችሁ ይችላል። ዋስትናም ከሁለት ወር የቤት ኪራይ በላይ መቀበል አይፈቀድም። መስኮቱን ቀይራችሁ ወይም ግድግዳውን ከብርድ ከልላችሁ ከሆነ ቤቱን እንደገና አስመርምራችሁ አዲሱን የኢነርጂ ደረጃ አስመዝግቡ። ካልተመዘገበ ነጥቡ በአሮጌው ደረጃ ይሰላል።