ሂራጋናን በአማርኛ ልማድ ማንበብ፦ ችግሮቹና መፍትሔዎቻቸው

የጃፓንኛው ሂራጋና 46 መሠረታዊ ፊደላት ያሉት ሲሆን፣ አብዛኞቹ እንደ እኛው ፊደል ተነባቢንና አናባቢን በአንድ ምልክት ይይዛሉ። አማርኛ አንባቢን የሚያሳስተውም፣ በእኔ ግምት፣ ይኸው መመሳሰል ነው።

«ሳኩራ» የሚለውን ቃል «ሰኩራ» ብለው የሚያነቡ ከሆነ፣ ምክንያቱ ገበታውን ሲገለብጡ እያንዳንዱን ረድፍ በግዕዝ ድምፅ መጀመርዎ ነው። ጃፓንኛ «ከ»፣ «ሰ»፣ «ተ» የሚባሉ ድምፆች የሉትም። ረድፉን በራብዕ ጀምረው «ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ» ብለው ይጻፉት፤ የጃፓናውያኑም ቅደም ተከተል ይኸው ነው። «ካ» እና «ኪ» በመልክ ምንም ዝምድና ስለሌላቸው ግን የቤተሰብ ቅርጽ አይፈልጉ።

«ጹ» ብለው የሚያነቡት ፊደል ለጃፓናዊ ጆሮ ከረር የሚል ከሆነ፣ የእኛን «ጸ» ስለተጠቀሙ ነው። «ት»ን እና «ሱ»ን ያለ ጉሮሮ ግፊት አከታትለው ይበሉ።

ብዙ ተማሪ የሚወድቀው በድምፅ ርዝመት ላይ ነው። «ኦባሳን» አክስት ስትሆን፣ «ኦባኣሳን» አያት ናት፤ አማርኛ በአናባቢ ርዝመት ትርጉም ስለማይለይ ልዩነቱ ጆሯችንን ያልፈዋል። መፍትሔው በእያንዳንዱ ፊደል ላይ ጠረጴዛውን በጣት መምታት ነው፦ አክስት አራት ምት፣ አያት አምስት ምት ይኖራቸዋል፤ የመጨረሻዋ «ን»ም ራሷን ችላ ትቆጠራለች። የረዘመ «ኦ» ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «ኡ» ተጨምሮበት ስለሚጻፍ፣ የቶኪዮን ስም ሲያነቡ በጽሑፉ ላይ ያለውን «ኡ» እንደ «ኡ» ሳይሆን እንደ «ኦ» ማርዘሚያ ይውሰዱት።

በመጥበቅና በመላላት በኩል ግን ዕድለኞች ነን። «ኪቴ» ሲላላ «ና» ወይም «ነዪ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የፖስታ ቴምብር ይሆናል፤ ልክ «ገና» ሲላላ ያልደረሰን ነገር፣ ሲጠብቅ በዓሉን እንደሚያመለክት። ሂራጋና መጥበቁን አነስ ተደርጋ በምትጻፍ «ትሱ» ያሳያል (የተለመደው የአማርኛ ጽሑፍ ይህን ምልክት አለመያዙ ያስቆጫል)። ስለዚህ ትንሿን «ትሱ» እንደ ፊደል አያንብቧት፤ ተከታዩን ፊደል ያጥብቁ።

«ዴሱ» ብለው መጨረሻውን ጎላ አድርገው የሚያነቡ ከሆነ፣ «ኡ»ን እንደ ሳድስ ያሳንሷት፤ «ዴስ» ይሆናል። «ሱኪ»ም በተመሳሳይ መንገድ ወደ «ስኪ» ይጠጋል።

ሰላምታው «ኮንኒቺሃ» ተብሎ ተጽፎ «ኮንኒቺዋ» ተብሎ የሚነበበው፣ የ1946ቱ የአጻጻፍ ማሻሻያ ሦስት ትናንሽ ሰዋስዋዊ ቃላትን በቀድሞ አጻጻፋቸው ስለተዋቸው ነው፦ «ሃ» እንደ «ዋ»፣ «ሄ» እንደ «ኤ»፣ «ዎ» እንደ «ኦ» ይነበባሉ። ሰላምታው በመሠረቱ «ዛሬስ…» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ቅሪት ስለሆነ፣ የመጨረሻዋ ፊደል ከእነዚህ ቃላት አንዷ ናት።

«ኔ»፣ «ሬ» እና «ዋ» ከተምታቱብዎ ግራ ጎናቸውን ትተው ጭራቸውን ይመልከቱ። «ኔ» በቀለበት ያልቃል፤ «ሬ» ወደ ቀኝ ወደ ውጭ ይመለሳል፤ «ዋ» ወደ ውስጥ ይጠመዘዛል። «ሩ»ም ቀለበት ሲኖረው «ሮ» የለውም። «ኪ» እና «ሳ» ግን በኅትመት የተያያዘው መስመራቸው በእጅ ጽሑፍ ተቋርጦ ስለሚታይ፣ ሁለቱንም መልኮች ጎን ለጎን ጽፈው ይለማመዱ።