ውጭ አገር ያላችሁ የድሮ የክፍል ጓደኞች ለትምህርት ቤታችሁ ተማሪዎች ድጎማ ስታቋቁሙ

የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወር ክፍያ የለውም። ደብረ ማርቆስ፣ ሞጣ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ ጎበዝ ልጅ ከ9ኛ ክፍል የሚያቋርጠው በቤት ኪራይና በስንቅ ነው። ከገጠር ቀበሌ የመጣ ተማሪ ከሁለት ሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል፤ በገበያ ቀን ከቤት በሚላክለት እንጀራ፣ በሶና ሽሮ ሳምንቱን ይገፋል። ኪራዩ የሚጠየቀው መስከረም ላይ ሲሆን ጤፉ ያኔ ገና ማሳ ላይ ነው። የቤተሰቡ እጅ የሚፈታው ከኅዳር ወዲያ ነው። ስለዚህ ከዓመቱ ገንዘብ ግማሹ ነሐሴ ሳያልቅ ይድረስ፤ ቀሪው የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ካለቀ በኋላ ይላክ። ጥቅምት ላይ የሚደርስ ብር ያቋረጠውን ልጅ አይመልስም።

ስንት ተማሪ እንደምትይዙ ስትወስኑ ቃል የተገባውን ሁሉ አትቁጠሩ። 20 ሰው በወር 15 ዶላር ካዋጣ በዓመት 3,600 ዶላር ነው፤ ሥራ የሚለቅ፣ አገር የሚቀይር፣ የሚዘነጋም አለና በ2,400 አቅዱ። አንድ ልጅ ከ9ኛ እስከ 12ኛ 4 ዓመት ይፈልጋል። 5 ልጅ ይዞ እስከ መጨረሻው ማድረስ፣ 15 ይዞ 10ኛ ክፍል ላይ ከመተው እጅግ ይሻላል። መዋጮው በውጭ ምንዛሬ ይቀመጥ፣ የሚመነዘረውም በየክፍያው ጊዜ ይሁን። ሐምሌ 2016 የምንዛሬው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ቀድመው ወደ ብር የቀየሩ ማኅበሮች ገንዘባቸው ሲቀልል አይተዋል። የተማሪውንም ድጎማ በየነሐሴው ከኪራዩ ዋጋ ጋር እንደገና አስሉት።

ገንዘቡን ወደ ትምህርት ቤቱ ሒሳብ አታስገቡ። እዚያ ከገባ በመንግሥት የፋይናንስ አሠራር እንጂ በእናንተ ቀጠሮ አይወጣም። በተማሪው ስም፣ ዕድሜው ከ18 በታች ከሆነም ከወላጁ ጋር በሚከፈት ሒሳብ በቀጥታ ይግባ። ብዙ ጊዜ የሚያደናቅፈው ስም ነው፦ ትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ «ኃይለማርያም» የተባለው ባንክ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል በሌላ አጻጻፍ ይገኛል፤ የአያት ስም ሳይጻፍም ይቀራል። ከመላካችሁ በፊት የባንክ ደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አስልካችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

አገር ቤት በስማችሁ ሒሳብ የሚያንቀሳቅስ ሰው ካስፈለገ ውክልናውን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፈርሙ፤ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። «ሒሳብ መክፈት፣ ገንዘብ ማውጣት» የሚሉት ሥልጣኖች አንድ በአንድ ይጻፉ። ጠቅላላ ውክልና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም። ፈራሚ ሁለት ይሁን።

ምርጫው ላይ ጊዜ አትቆጥቡ። በደረጃ ብቻ ከመረጣችሁ አንደኛ የሚወጣው ከተማ ውስጥ ከደመወዝተኛ ወላጆቹ ጋር የሚኖር ልጅ ሊሆን ይችላል። የቀበሌ የድሃ ድሃ ደብዳቤም ብቻውን አይበቃም። የክፍል ኃላፊው መምህር ተማሪው የተከራየበትን ቤት ሄዶ ይይ፦ ስንት ሆነው ይተኛሉ? መብራት አለ? ስንቁ ከየት ይመጣል? ለምግብና ለማደሪያ ስትል ሰው ቤት ተቀጥራ የምትማር ልጅ ካለች ቅድሚያ ስጧት፤ በትምህርት ቤቱ የሴቶች ክበብ መምህርት በኩል ፈልጓት። ስምምነቱ ማኅተም ባለው ደብዳቤ ከጽሕፈት ቤቱ ጋር ይሁን፤ ርእሰ መምህር ይዛወራል። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱም ቅጂ ይያዝ። የተመረጡትን ሰልፍ ላይ ስም እየጠሩ ማቆም ግን ይቅር፤ ልጅን አንገት ያስደፋል።

ከገንዘቡ ጥቂት ለ12ኛ ክፍል የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት አስቀሩ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በተዛወረበት በመጀመሪያው ዙር፣ ጥቅምት 2015፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ኪራይ የተከፈለለት ልጅ ሒሳብና እንግሊዝኛ ካላገኘ ድካሙ መና ይቀራል።

በጸጥታ ምክንያት ትምህርት ሲዘጋ ምን እንደምታደርጉ ደግሞ አስቀድማችሁ ጻፉ። መንገድና ኢንተርኔት አብረው ስለሚቋረጡ ያኔ መመካከር አይቻልም። ለአንድ መንፈቅ ዓመት የሚበቃ መጠባበቂያ ያዙ፤ ልጁ ወደ ቤቱ ቢመለስም ስሙ ከዝርዝሩ አይሰረዝ፣ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ክፍያው ካቆመበት ይቀጥል።