በጅማ ሰው በኮንትራት ከማሠራትዎ በፊት፦ ሠራተኛ ነው ወይስ የራሱ ሥራ ባለቤት?

ሄርማታ አካባቢ በአንድ የቡና መጋዘን የሚሠራ ልጅ አውቅ ነበር። የፈረመው ወረቀት «በራሴ ኃላፊነት የምሠራ ነኝ» ይላል። ነገር ግን ጠዋት 2 ሰዓት ሲገባ ፎርማኑ ስሙን በደብተር ይይዛል፤ ጆንያውም ሚዛኑም የመጋዘኑ ነው፤ አንድ ቀን ከቀረ ይቆረጥበታል። የቡና መፈልፈያው ማሽን ጣቱን የጎዳው ዕለት አሠሪው ያችን ወረቀት አወጣና «ይሄ ሠራተኛዬ አይደለም» አለ። እንዲህ ማድረግ በደል ነው፤ ሕግ ፊትም አያዋጣም።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀቱን ይተዉትና ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ይዩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 4 መሠረት፣ በአሠሪ መሪነት ደመወዝ እየተከፈለው የሚሠራ ሰው ሠራተኛ ነው። በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት በዋጋ የሚሠራውን ግን አንቀጽ 3 ከአዋጁ ውጭ ያደርገዋል። ሰዓቱን የሚወስነው ማን ነው? መሣሪያው የማን ነው? ሥራው ቢበላሽ በራሱ ወጪ ያስተካክላል? ለሌላ ደንበኛስ ይሠራል? የብረት በር በዋጋ ተስማምቶ፣ በራሱ ብየዳ ማሽን፣ ረዳቱን ራሱ መርጦ የሚሠራልዎ ሰው የራሱ ሥራ ባለቤት ነው። ያው ሰው በእርስዎ ወርክሾፕ፣ በእርስዎ ማሽን፣ በየወሩ እየተከፈለው ከዋለ ሠራተኛዎ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ኮንትራት» ማለት ከሕጉ ውጭ ማለት አይደለም። ለሦስት ወር የተቀጠረም፣ ቡና በኪሎ ሂሳብ የምትለቅም እናትም፣ በአሠሪ ትእዛዝ እስከሠሩ ድረስ ሠራተኞች ናቸው።

የራሱ ሥራ ባለቤት ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። የንግድ ፈቃዱንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ይጠይቁ፤ ሥራውን፣ ዋጋውንና የማስረከቢያውን ቀን በጽሑፍ ይዋዋሉ፤ ደረሰኝ ይቀበሉ።

ሠራተኛ ከሆነ ውሉን በጽሑፍ ያድርጉ። በቃል ከቀጠሩ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር በፊርማዎ ይስጡት፤ ባይሰጡትም መብቱ አይጠፋም። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥ። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ለጡረታ የደመወዙን 11 በመቶ እርስዎ፣ 7 በመቶ እሱ ታዋጣላችሁ።

ከዚያ ደብተርዎን ያዘጋጁ፤ ውል፣ የደመወዝ ዝርዝር፣ የሰዓት መቆጣጠሪያ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በሥራ ሰዓት ሳያሳውቅ መግባት፣ መዝገብ ማየትና ሠራተኛን ማነጋገር ይችላል። ሠራተኞችዎን «እንዲህ በሉ» ብለው አያስጠኑ፤ ፎርማኑ የያዘው የስም ደብተር ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ይህን የሚያነቡት ሠራተኛ ሆነው ከሆነ፣ የተከፈለዎትንና የገቡበትን ሰዓት በየቀኑ ይጻፉ። አቤቱታዎን ይዘው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ወደሚከታተለው የከተማው ጽሕፈት ቤት ይሂዱ፤ የቢሮው ሥራ በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻውን በዚያው ቋንቋ ቢያጽፉ ይፈጥናል። ቀኑን ግን አያሳልፉ። ከሥራ ያባረረዎት እንዲመልስዎ ለመጠየቅ 3 ወር፣ ላልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ 6 ወር ነው ያለዎት።