«ሌንሱ ደብዛዛ ነው» ለሚሉ፦ የሰፊ አፐርቸር ሌንሶች ችግርና መፍትሄ

ለሰርግ ፎቶ አንሺዎች ሌንስ መፈተሽ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከኤፍ 1.2 እስከ ኤፍ 2 የሚከፈት ሌንስ (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፣ አፐርቸሩ፣ ይሰፋል) ይዞ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያ ቃሉ አንድ ነው፦ «ደብዛዛ ነው፤ ተታልያለሁ።» ሌንሱን በብርሃን አየዋለሁ፤ ንጹህ ነው። ፎቶዎቹን በኮምፒውተር እከፍታለሁ። ሌንሱ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ ጥርት ያደረገው ግን ባለቤቱ የፈለገውን ቦታ አይደለም። ይህ ሳይጣራ ሁለት ሌንስ አስተያይቶ «ይሄኛው ይበልጣል» ማለት ዋጋ የለውም። የሚወዳደሩት ሌንሶቹ ሳይሆኑ የፎከስ ስህተቶቹ ናቸውና።

መስታወት መጥረግን፣ ካሜራው በራሱ ፎከስ እንዲያደርግ የሚያስችለውን የኤኤፍ ማብሪያ ማየትን፣ የመዝጊያ ፍጥነት መጨመርን ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ።

ምልክት፦ ዓይኑ ደብዝዟል፣ ሌላ ነገር ግን ጥርት ብሏል

ፎቶውን መቶ በመቶ አሳድጉና ዓይኑን ትታችሁ ጥርት ያለውን ቦታ ፈልጉ። የአፍንጫዋ ጫፍ ወይም ደረቷ ላይ የያዘችው አበባ ጥርት ካለ ፎከሱ ወደ ፊት ወድቋል። ጉትቻዋ፣ ከጆሮዋ ኋላ ያለው ሹሩባ ወይም ትከሻዋ ላይ የጣለችው የነጠላ ጥለት ክር በክር የሚቆጠር ከሆነ ወደ ኋላ ወድቋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት ያለ ነገር ከሌለ ግን የእጅ መንቀጥቀጥ ወይም ሌላ ብልሽት ነውና ወደ ታች እለፉ።

ለምን እንደሚሆን ቁጥሩ ይናገራል። ሙሉ ፍሬም ባለው (ሴንሰሩ የድሮውን 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሚያህል) ካሜራ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስን በኤፍ 1.4 ከፍታችሁ 2 ሜትር ላይ ያለ ሰው ብታነሱ፣ ጥርት የሚለው ውፍረት ከፊትና ከኋላ ተደምሮ 4.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዓይን እስከ ጆሮ ያለው ርቀት ከዚያ በእጥፍ ይበልጣል። ሙሽራዋ ስትተነፍስ የምትወዛወዘው እንኳ ከዚያ ውፍረት የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በኤፍ 2.8 ውፍረቱ 9 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ብዙ ሰው «ኤፍ 2.8 ላይ ሌንሱ ይሻላል» የሚለው ከፊሉ በዚህ ምክንያት ነው።

መንስኤው ሁለት ነው። የመጀመሪያው የፎቶ አንሺው ልማድ ነው፦ በመሃል ነጥብ ዓይን ላይ ፎከስ አድርጎ፣ ቁልፉን በግማሽ ይዞ ካሜራውን ማዞር። ከካሜራው ጋር አብሮ በሚሸጠው ኪት ሌንስ ችግሩ አይታይም። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ1.5 ሜትር ላይ ሆናችሁ ካሜራውን 15 ዲግሪ ብታዞሩ ግን ጥርት ያለው ወለል ከዓይኑ 5 ሴንቲ ሜትር ኋላ ይቀመጣል። በኤፍ 1.4 ከዚያ ወለል ወደ ፊት ጥርት የሚለው ውፍረት ደግሞ 4 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። መፍትሄው የፎከስ ነጥቡን ራሱን ዓይኑ ላይ ማምጣት ነው። አውራ ጣት ይለምደዋል፤ አንድ ሳምንት አይፈጅም።

ሁለተኛው የካሜራውና የሌንሱ አለመስማማት ነው፤ በየወሩ የማየው ይህን ነው። ባለመስታወት ካሜራ (ዲኤስኤልአር) ርቀቱን የሚለካው ፎቶው በሚቀረጽበት ሴንሰር ላይ አይደለም፤ ከመስታወቱ ሥር ባለ ሌላ መለኪያ ነው። ሁለቱ መንገዶች በጥቂቱ ከተለያዩ ካሜራው ቢፕ ብሎ «ተስተካክሏል» ይላችኋል፤ ፎቶው ግን ሌላ ይላል። ሌንሱ ጤነኛ፣ ካሜራውም ጤነኛ ሆነው ተጣምረው ሊሳሳቱ ይችላሉ። መስታወት የሌላቸው ሚረርለስ ካሜራዎች ርቀቱን በራሱ በሴንሰሩ ላይ ስለሚለኩ ከዚህ ጣጣ ነጻ ናቸው።

አንድ ወጣት ከመልስ ማግስት መጣ። የ50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንሱን ሸጦ ያገለገለ 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ገዝቶ ነበር። «ጋሼ፣ ገንዘቤን ነው የበሉኝ» አለ፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ሌሊቱን ሙሉ ፎቶ ሲመርጥ አድሯል። የሙሽራዋን ፎቶ ከፈትን። ትከሻዋ ላይ ያለው ጥለት ወርቃማ ክሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ዓይኗ ጭጋግ ነው። ሁለተኛው ፎቶ እንደዚያው፣ አሥረኛውም እንደዚያው፦ ሁልጊዜ ወደ ኋላ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ መጠን። ስህተቱ ወጥ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ወጥ ስህተት ይስተካከላል። ካሜራው ውስጥ ያለውን የፎከስ ማስተካከያ ሲቀነስ 9 አደረግንና አጠገቡ የነበረችውን እህቱን አነሳናት። ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ቆመ። ልጁ ስክሪኑን ትኩር ብሎ አየና ስልኩን አወጣ፤ ለካ ሌንሱን በግማሽ ዋጋ ሊሸጥ ከሰው ጋር ተስማምቶ ነበር።

አስተካከሉ እንዲህ ነው። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይሁን። ጽሑፍ ያለበት ጠፍጣፋ ወረቀት ከካሜራው ትይዩ አቁሙ፤ ከጎኑ ማስመሪያ በ45 ዲግሪ ያህል አጋድሙ፣ መሃሉ ከወረቀቱ እኩል ይሁን። ርቀቱ በተለምዶ የምትሠሩበት ይሁን፦ ለ50 ሚሊ ሜትር 2.5 ሜትር፣ ለ85 ደግሞ ከ2 እስከ 4 ሜትር እኔን አላሳፈረኝም። አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ የመሃል ነጥብ ብቻ ተጠቀሙ። ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊት ፎከሱን በእጅ አበላሹት፦ አምስቱን ጊዜ ወደ ሩቅ፣ አምስቱን ጊዜ ወደ ቅርብ። ከዚያ በላይቭ ቪው (ምስሉን በካሜራው ስክሪን ላይ በቀጥታ እያያችሁ) አሥር ጊዜ አጉልታችሁ በእጅ ያስተካከላችሁትን አንድ ፎቶ ለማመሳከሪያ አንሱ። ማስመሪያው ላይ ጥርት ያለው ቦታ የት እንደወደቀ አወዳድሩ። በካኖንም በኒኮንም መለኪያው ከሲቀነስ 20 እስከ ሲደመር 20 ነው፤ ሲደመር ፎከሱን ከካሜራው ያርቃል፣ ሲቀነስ ያቀርባል። በአምስት በአምስት ጀምሩ፣ ከዚያ በአንድ በአንድ።

አደራ፣ በአንድ ፎቶ አትፍረዱ። አደራ፣ በእጅ ይዛችሁ አትለኩ። ከሁሉም በላይ በማታ አምፖል ሥር አትለኩ። መለኪያው በብርሃኑ ቀለም ይሳሳታል፤ እኔ ራሴ አንድ ሌንስ ማታ በቢጫ አምፖል አስተካክዬ ሰጥቼ፣ ባለቤቱ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ያነሳው ሁሉ ወደ ፊት ወድቆ ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ከመስኮት በሚገባ የቀን ብርሃን ካልሆነ አልነካም።

እንደ ኒኮን ዲ3500 እና ካኖን 700ዲ ያሉት ዝቅተኛ ደረጃ ካሜራዎች ይህ ማስተካከያ የላቸውም። በነዚያ ላይ ለወሳኝ ፎቶ ላይቭ ቪው ተጠቀሙ። የሲግማ አርት ሌንስ ከሆነ ደግሞ በዩኤስቢ መትከያው ሌንሱን ራሱን በተለያየ ርቀት ማስተካከል ይቻላል።

እና ማንም ሰው በመፍቻ መስታወቱ ሥር ያለውን ብሎን «ላስተካክልልህ» ቢላችሁ ካሜራችሁን ይዛችሁ ውጡ። አንዱ እንዲህ ተደርጎለት መጣ። ያ አንድ ሌንስ ተስተካክሏል፤ የቀሩት ሦስት ሌንሶቹ በሙሉ ተዛብተዋል። ለማቅናት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። እንዲህ ያለ ሥራ ጥገና ሊባል አይገባውም።

ሁለት ሌንስ ማወዳደር ለምትፈልጉ

ከላይ ያለው ካለቀ በኋላ ነው። ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ፊደላችን ለዚህ ሥራ ከማንኛውም ቻርት አያንስም። በሩቅ ሆናችሁ «ሉ» እና «ሊ» ቅጥያዋ መሃል ላይ ትሁን እግር ሥር ከለየችላችሁ ሌንሱ ጎበዝ ነው። መሃሉንም አራቱንም ማዕዘን ተመልከቱ። ትራይፖድ፣ የሁለት ሰከንድ መዘግየት፣ የመንቀጥቀጥ መከላከያው ጠፍቶ፣ ፎከሱ በላይቭ ቪው በእጅ። አፐርቸር በቀየራችሁ ቁጥር ፎከሱን እንደገና አስተካክሉ። ይህን ቸል አትበሉ፤ አንዳንድ ሌንስ ሲዘጋ ፎከሱ ይንሸራተታል፤ የካኖን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.2 ኤል በቅርብ ርቀት በዚህ የታወቀ ነው።

ኤፍ 1.4 የሚከፈተውን በኤፍ 1.4፣ ኤፍ 1.8 የሚከፈተውን በኤፍ 1.8 አንስቶ «ርካሹ በለጠ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ሁለቱንም በኤፍ 1.8 አንሱ።

ምልክት፦ ፎቶው ሁሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል፣ መብራት መንፈስ ያወጣል

እስከ መጨረሻው የተከፈተ ሌንስ፣ በተለይ የድሮው፣ በብሩህ ነገር ዙሪያ ቀጭን ጭጋግ ማሳየቱ ተፈጥሮው ነው፤ ሁለት ደረጃ (ለምሳሌ ከኤፍ 1.4 ወደ ኤፍ 2.8) ስትዘጉት ይጠፋል። ሲዘጋም ካልጠፋ ሌንሱ ፊት የገጠማችሁትን መስታወት፣ ፊልተሩን፣ አውልቁ። አውልቁት ነው የምላችሁ፣ ጥረጉት አይደለም።

የፋሲካ ሌሊት ፎቶ አምጥተውልኝ ያውቃሉ፦ ምእመናን ጧፍ ይዘው ቆመዋል፣ ከላይ በጨለማው ሰማይ ላይ ደግሞ ያንኑ ያህል ጧፍ ተገልብጦ ተንሳፏል። አንዷ ነበልባል ታች በግራ ካለች መንፈሷ ላይ በቀኝ ነው። የሴንሰሩ ነጸብራቅ ጠፍጣፋው ፊልተር ላይ ደርሶ ሲመለስ ነው እንዲህ የሚሆነው። ፎቶ አንሺው ውድ ሌንስ ገዝቶ ከፊቱ የመስኮት መስታወት የማይሻል ነገር ገጥሞበት ነበር። ይህ ያናድደኛል። የሌንሱ መስታወት ነጸብራቅ የሚቀንስበት ልባስ በፋብሪካ የተለፋበት ነው፤ ልባስ የሌለው ፊልተር ያን ሁሉ ልፋት ያጠፋል። ፊልተር ከፈለጋችሁ ጥሩ ልባስ ያለው ግዙ፤ ጧፍና የሌሊት መብራት ባለበት እሱንም አውልቁ። ለመከላከያ የሌንሱ ኮፍያ (ሁድ) ይበቃል፣ ከጎን የሚመጣ ፀሐይንም ይጋርዳል።

ምልክት፦ ጀርባው አልደበዘዘም

«ኤፍ 1.2 ካልገዛሁ አይሆንም» የሚሉትን አስቆማለሁ። ሰውየውን ከግድግዳው አንድ እርምጃ አቁማችሁ ምንም ሌንስ ብትገጥሙ ግድግዳው ይታያል። አራት ሜትር አውጡት።

ከዚያ ስሌቱን ተመልከቱ። ሰውየው በፎቶው ውስጥ እኩል መጠን ሲኖረው፣ የሩቁ ጀርባ ምን ያህል እንደሚደበዝዝ የሚወስነው የሌንሱ የትኩረት ርዝመት (በሚሊ ሜትር የሚነገረው) ለኤፍ ቁጥሩ ሲካፈል የሚገኘው ስፋት ነው። 50 ለ1.2 ሲካፈል 42 ሚሊ ሜትር ገደማ፤ 85 ለ1.8 ሲካፈል 47 ሚሊ ሜትር። ርካሹ 85 ኤፍ 1.8 ከውዱ 50 ኤፍ 1.2 ይልቅ የሩቅ ተራራን ያሟሟል። 135 ኤፍ 2 ደግሞ 67 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ጀርባው ቅርብ ሲሆን ግን የኤፍ ቁጥሩ ሚዛኑን ይወስዳል፤ በጠባብ ሳሎን ውስጥ ደግሞ 85 ይዞ ወደ ኋላ መሸሻ የለም። የምትሠሩበትን ቦታ አይታችሁ ግዙ።

ብዥታው «ይንጫጫል» የሚሉኝ አሉ። የባሕር ዛፍ ቅጠል መሃል ብርሃን ሲያበራ ማንኛውም ሌንስ ይቸገራል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄዳችሁ ጥላ ያለበት ጀርባ ፈልጉ። መብራቶቹ ባለ አምስት ማዕዘን ከሆኑ አፐርቸሩን የሚዘጉት ቅጠሎች አምስት ናቸው፤ የ1990ው የካኖን 50 ኤፍ 1.8 ሁለተኛ ትውልድ እንደዚያ ነው፣ የ2015ቱ ኤስቲኤም ሰባት ክብ ቅጠል ስላለው ለስላሳ ነው። ጠርዝ ላይ መብራቱ የድመት ዓይን ቢመስል ብልሽት አይደለም፤ ወደ ኤፍ 2.8 ዝጉት።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ነጭ ነጠላ ጠርዝ ላይ ሐምራዊ መስመር፦ የተከፈተ አፐርቸር ባሕርይ ነው፤ ኤፍ 2.8 ያቀለዋል፣ የቀረው በኮምፒውተር ይነሳል።

ቀትር ላይ ነጩ ሁሉ ተቃጥሏል፦ በጠራራ ፀሐይ አይኤስኦ 100 ላይ ኤፍ 1.8 ወደ 1/8000 ሰከንድ ይፈልጋል፤ ካሜራችሁ 1/4000 ላይ ካቆመ ብርሃኑን በሦስት ደረጃ የሚቀንስ ኤንዲ 8 ፊልተር ግጠሙ።

በሚረርለስ ላይ የብዥታው ክብ አንድ ጎኑ የተቆረጠ ሲሆን፦ የመዝጊያውን ኤሌክትሮኒክ የፊት መጋረጃ ከሜኑው አጥፉ፤ ፈጣን መዝጊያና ሰፊ አፐርቸር አብረውት አይሄዱም።

ዘግታችሁ ብታነሱም ፎቶው ሁልጊዜ ብርሃን ሲበዛበት፦ የአፐርቸሩ ቅጠሎች ላይ ዘይት አለ፤ ይከፈትና ይጸዳ።

አንድ ጎን ብቻ በሁሉም ፎቶ ደብዛዛ ከሆነ የሌንሱ ውስጥ ተዛብቷል፤ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ራቅ ያለ ሕንፃ አንስታችሁ አራቱን ማዕዘን አወዳድሩ፤ ያገለገለ ሌንስ ከሆነ ገንዘብ ሳትከፍሉ በፊት ሻጩ ፊት ይህን አድርጉ።

ሻጋታ፦ የስልክ መብራት ከኋላ አብርታችሁ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ አትግዙ። የራሳችሁ ከሆነ በክረምት ከቆዳ ቦርሳ አውጡት፣ ቶሎ አስጸዱት፣ እስኪጸዳም ከሌሎቹ ሌንሶች ለይታችሁ አስቀምጡ።